የጠፉ ውሾችን ያስጠጉ ወይዘሮ

ለእንስሳ መራራት የሥራ ፈቶች ጠባይ ነው የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ አይታጡም። ይህን ወቀሳ በአደባባይ ተቀብለው ሥራቸውን ያላቋረጡ አንዲት እንግሊዛዊት ነበሩና፥ የሕይወታቸውን ታሪክ ለአንባብያን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሜሪ ቲልቢ በ1801 ተወለዱ። ወንድማቸው ኤድዋርድ ቤትስ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። እርሳቸውም ሮበርት ቲልቢ የሚባሉ የእንጨት ነጋዴ አግብተው ነበር፤ ነገር ግን ትዳሩ ሳይሰምር ቀርቶ ተለያዩና በሎንዶን ሰሜን በሆሎዌይ ሰፈር ከቤተ ዘመዶቻቸው ጋር ተቀመጡ። ስማቸው የተነሣበት ሥራ ሲጀመር ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቶ ነበር።

በዚያ ዘመን በሎንዶን መንገዶች ባለቤት የሌላቸው ውሾች በብዛት ይንከራተቱ ነበር። ከእነዚህም ጥቂቶቹ መንገድ ጠፍቷቸው የቀሩ፥ ሌሎቹም ሰው ቡችላ ሳሉ ወዶ ወስዶ ካደጉ በኋላ የሰለቻቸው ነበሩ። ውሻ በበላበት እንደሚጮኽ የእኛም አገር ሰው ያውቃል፤ ያበላው ሰው ሲረሳው ግን የሚጮኽበት ደጅ የለውም።

በ1860 ሣራ ሜጀር የተባሉ ወዳጃቸው በረኃብ ሊሞት የተቃረበ አንድ ውሻ ከመንገድ አንሥተው ወደ ማድ ቤታቸው አስገቡት። ወይዘሮ ቲልቢም ይህን በሰሙ ጊዜ መጥተው አብረው አስታመሙት፤ ውሻው ግን ሞተ። ሁለቱ ሴቶች አዝነው በዚያው አልቀሩም፤ ሌሎችንም እያነሡ ማስገባት ጀመሩ። ማድ ቤቱ ሲጠብባቸው በዚያው ዓመት በሆሎዌይ በነበረ የፈረስ ጋጣ የጠፉና የተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ማረፊያ የሚባለውን ቤት አቋቋሙ። ወንድማቸውም በሥራው ረዷቸው። ጊዜያዊ መባሉን ልብ ማለት ይገባል፤ ዓላማው ውሻውን ለባለቤቱ መመለስ፥ ባለቤቱ ካልመጣም ሌላ ቤት መፈለግ ነበርና።

ታይምስ የሚባለው ትልቅ ጋዜጣ ግን በኦክቶበር 1860 ልባቸው ከአእምሮ የተለየ አስመስሎ ዘበተባቸው። ሌሎችም፥ የሰው ልጅ መጠጊያ አጥቶ በሚያድርበት ከተማ ለውሻ ቤት መሥራት ነውር ነው አሉ። ይህ ነቀፋ ቀላል አይደለም፤ በዚያች ከተማ ብዙ ሕፃናት በእርግጥ በየመንገዱ ያድሩ ነበር። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው፥ ጋጣው ቢዘጋ ኖሮ አንድ ሕፃን እንኳ ቤት ባላገኘም ነበር እንላለን። በወንጌል የተነገረውን የአልዓዛርን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው፥ ባለጸጋው ድኃውን በደጁ ሲንቀው ቁስሉን የላሱለት ውሾች እንደ ነበሩ አይዘነጋም። ለውሻ የሚራራ ልቡና ለሰው ይጨክናል የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘንም።

በ1862 ዕውቁ ደራሲ ቻርለስ ዲክንስ ያዘጋጁት የነበረው መጽሔት ስለዚህ ቤት በበጎ ጻፈ። መጽሔቱም በዚያው ሰሞን የተደረገውን የተዋቡ ውሾች ትርኢት ከሆሎዌይ ምስኪኖች ጋር አስተያይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ።

ወይዘሮ ቲልቢ ግን ፍሬውን ለማየት አልቆዩም። በነቀርሳ ታመው በ1865 በቢግልስዌድ ከተማ ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በዚያው ነው። ቤቱ በ1871 ከሆሎዌይ ወደ ባተርሲ ተዛወረ፤ ከ1883 ጀምሮ ድመቶችን ተቀበለ፤ በ1885 ንግሥት ቪክቶሪያ የበላይ ጠባቂው ሆኑ። ከተመሠረተ ጀምሮ ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ እንስሳት በዚያ አልፈዋል።

ዛሬም ውሻ ወይም ድመት ሊወስድ የመጣውን ሰው ቤቱ እንዲያው አያስረክበውም። ስለሚኖርበት ቤት፥ ልጆች ወይም ሌሎች እንስሳት እንዳሉት፥ ውሻውም ስንት ሰዓት ብቻውን እንደሚውል አስቀድሞ ይጠይቀዋል።