የቶንጋዋ ንግሥት ሳሎቴ

የዓለም ካርታ ዘርግቶ ቶንጋን የሚፈልግ ሰው መነጽር ያስፈልገዋል። ከኒውዚላንድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ 170 የሚያህሉ ደሴቶች ተበትነው ይታያሉ። ቶንጋ ማለት እነሱ ናቸው። ሰው የሚኖርባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የብሱ ሁሉ ቢደመር 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እስራኤል እንኳ ሠላሳ ጊዜ ያህል ትበልጠዋለች። በደቡብ በኩል ዋና ከተማው ኑኩዓሎፋ ያለበት ቶንጋታፑ የሚባለው ሜዳማ ደሴት ይገኛል። መካከል ላይ ሀዓፓይ፣ በሰሜን ደግሞ ቫቫዑ የሚባሉት ደሴቶች አሉ። ከሁሉም ተገልላ በሰሜን ጫፍ የምትገኝ ኒዋፎዑ የምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴትም አለች፤ የእሷ ታሪክ በኋላ ይመጣል። ሕዝቡ ጎደሬ ይተክላል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ኮኮናት አድርቆ ይሸጣል።

በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ መርከቦች የዚያን ባሕር ደሴቶች አንድ በአንድ ጠቀለሏቸው። ታሂቲን ፈረንሳይ ያዘች። ፊጂን በ1874 እንግሊዝ ወሰደች። ሃዋይ በ1898 የአሜሪካ ሆነች፣ ሳሞአን ደግሞ ጀርመንና አሜሪካ ተካፈሏት። የራሷን ንጉሥ ይዛ የቀረችው ቶንጋ ብቻ ነበረች። ለዚህም ምክንያቱ ቱፖው ቀዳማዊ የተባሉት ንጉሥ ናቸው። እሳቸው ደሴቶቹን በአንድ ዘውድ ሥር ሰበሰቡ፣ በ1862 ድሀውን ሕዝብ ከመኳንንቱ ባርነት ነፃ አወጡ፣ በ1875 ደግሞ ሕገ መንግሥት አወጁ። በዚያ ሕግ የቶንጋን መሬት መሸጥ ክልክል ሆነ። እያንዳንዱ ወንድ 16 ዓመት ሲሞላው የሚያርሰው 3.3 ሄክታር፣ ማለትም 33 ዱናም ያህል መሬት እንዲያገኝም በሕግ ተደነገገ። ሰንበትም በዚሁ ሕግ የተከበረ ነው፤ የእነሱ ሰንበት ግን እሑድ ነው።

ሳሎቴ የእኚህ ንጉሥ የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ ናት። የተወለደችው ማርች 13 ቀን 1900 በኑኩዓሎፋ ቤተ መንግሥት ነው። አባቷ ንጉሥ ቱፖው ዳግማዊ በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ጋር ውል ፈረሙ። ቶንጋ የውጭ ጉዳይዋን ለእንግሊዝ ሰጥታ የውስጡን ለራሷ አስቀረች። ውሉ ከመዋጥ ያዳነ ቢሆንም በሩን ገርበብ አድርጎ የተወ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ባለ ሥልጣናት መጥተው ንጉሡን አስጨንቀው ሌላ ውል አስፈረሟቸው፤ ጠቅላይ ሚኒስትራቸውንም ከሥልጣን አነሱባቸው።

በቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። ንጉሡ ላቪኒያን ሲያገቡ ብዙ መኳንንት አኩርፈው ነበር፤ እነሱ ያጩላቸው ሌላ ባለ ከፍተኛ ዘር ልጅ ነበረች። ላቪኒያ ደግሞ ብዙ አልቆዩም። ሳሎቴ ሁለት ዓመት ሲሆናት እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ንጉሡ በ1909 ታኪፖ የተባሉትን የመኳንንት ልጅ አገቡ፤ የታኪፖ ወገኖች ወራሽ ወንድ ልጅ ይወለዳል ብለው ተስፋ አደረጉ። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመቷ ሳሎቴ በመርከብ ተጭና ለትምህርት ወደ ኒውዚላንድ፣ ወደ ኦክላንድ ተላከች። እናት የሌላት ልጅ፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ በሰው ቤት አደገች። የእንጀራ እናቷ ሴቶች ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ አልወለዱም። በ1914 መጨረሻ ሳሎቴ አገሯ ገብታ ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ ወራሽዋ እሷ እንደሆነች ሰው ሁሉ ገባው።

የ17 ዓመት ልጅ ሳለች ቱንጊ ለሚባል መስፍን ተዳረች። እሱ በዕድሜ ይበልጣታል። ይህ ጋብቻ የአገር ጉዳይ ነበር። በቶንጋ ከጥንት ጀምሮ ሦስት የነገሥታት ቤቶች ነበሩ፤ ሰውም ክብሩ የሚለካው በየትኛው ቤት፣ በእናት በኩል ነው በአባት፣ ከታላቅ ነው ከታናሽ ተብሎ ነው። ሰባት ቤት ዘር ሲቆጠር የሰማ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ቱንጊ በአንዳንዱ መስመር ከንጉሡ ልጅ የሚበልጥ ነበር። ከሁለቱ የሚወለድ ልጅ የጥንቶቹን ቤቶች ደም በአንድ ላይ ይይዛል፤ ተቀናቃኝ ሊነሣበት የሚችል ቤትም አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የመጣው አንድ ዓመት ግን ለማንም የሚመኙት አልነበረም። ኤፕሪል 5 ቀን 1918 አባቷ ሞቱ፤ ሳሎቴ በ18 ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ነገሠች። በጁላይ የመጀመሪያ ወንድ ልጅዋ ተወለደ። በኦክቶበር ዘውድ ጫነች። በኖቬምበር ታሉኔ የምትባል መርከብ ከኦክላንድ ተነሥታ በሽታውን ተሸክማ መጣች። ይህ በኢትዮጵያ የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወቀው፣ በዚያው ወር ዓለሙን ያዳረሰው ወረርሽኝ ነው። ከቶንጋ ሕዝብ ከመቶ ስምንት ያህሉ አለቀ፤ የእንጀራ እናቷ ታኪፖም ከሞቱት መካከል ነበሩ። ይህች ልጅ አገሩን ትይዘዋለች ብሎ ያሰበ ሰው በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። መኳንንቱ የእናቷን ጋብቻ አልረሱም። የእንግሊዝ ሰዎችም ይህች አገር ብትናወጥ ምን እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር።

ንግሥቲቱ አገር የያዙት በጉልበት አልነበረም፤ ሠራዊትም ገንዘብም አልነበራቸውም። የያዙት ዘርን በማወቅ፣ በጋብቻ፣ በትዕግሥትና በባለቤታቸው ምክር ነው። ቱንጊ ከ1923 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሁለቱም በየደሴቱ እየዞሩ ሰው ይጠይቁ፣ አዛውንት ያነጋግሩ ነበር። ንግሥቲቱ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ሹመት ከየት እንደመጣ ያውቁ ስለነበር በመኳንንቱ መካከል ክርክር ሲነሣ ፍርዳቸው አይነቀነቅም ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነበር። በ1885 በቱፖው ቀዳማዊ ዘመን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፍላ፣ ሰው ተደብድቦ፣ አንዳንዱም ወደ ፊጂ ተሰዶ ነበር። ወንድም ከወንድም ተለያይቶ 40 ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ንግሥቲቱ በ1924 ሁለቱን ወገኖች አንድ አደረጉ። ሙሉ በሙሉ አልተሳካም፤ አንድነቱን አንቀበልም ብለው የቀሩ ነበሩ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ግን አንድ ላይ መጸለይ ጀመረ። በ24 ዓመት ዕድሜ ሽማግሌዎች ያቃታቸውን ጠብ መንካት ድፍረት ይጠይቃል።

ኀዘኑም አልቀረላቸውም። ታናሽ እህታቸው ፉሲፓላ በ1933 በወጣትነቷ ሞተች። ሁለተኛ ልጃቸው በ1936 ገና በ16 ዓመቱ ተቀበረ። በ1941 ደግሞ ቱንጊ ሞቱ። ንግሥቲቱ በ41 ዓመታቸው መበለት ሆኑ፣ ሌላ አላገቡም። በዓመቱ ጦርነቱ ፓስፊክ ደርሶ የአሜሪካ ወታደሮች በሺዎች እየሆኑ ቶንጋታፑ ላይ ሰፈሩ። ገንዘብ፣ ሲጋራ፣ ጂፕ፣ አዲስ ጠባይ አብሮ ገባ። ለትንሽ አገር እንዲህ ያለው እንግዳ ከጠላት ይልቅ ሊያሰጋት ይችላል። የቶንጋ ልጆችም ዘምተው በሰሎሞን ደሴቶች ከጃፓን ጋር ተዋጉ።

ንግሥቲቱ ዘመናዊ ትምህርትን አልፈሩም። ታላቁ ልጃቸው በአውስትራሊያ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመረቀ፤ ከቶንጋ ሰዎች በዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሲይዝ የመጀመሪያው እሱ ነው። ተመልሶ ሲመጣ የትምህርት ሚኒስትር አደረጉት። በ1944 የመምህራን ማሠልጠኛ፣ በ1947 የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ግን እንግሊዝኛ የገባበት ቤት ቶንጋኛ እንዳይወጣ ይጠነቀቁ ነበር። የአዛውንቱን ታሪክ፣ የዘር ሐረግ፣ የልማድ ሥርዓት የሚሰበስብና የሚጽፍ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አዛውንቱ ከሞቱ በኋላ መጠየቅ እንደማይቻል ያውቁ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ገጣሚ ነበሩ። ከመቶ በላይ ግጥምና ዘፈን ደርሰዋል፤ የኀዘን፣ የፍቅር፣ እንጉርጉሮ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ የሚጨፍርበትም አለ። የቶንጋ ግጥም ነገሩን በቀጥታ አይናገርም፤ አበባ ብሎ ሰው፣ ነፋስ ብሎ አገር ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

የንግሥቲቱ ዘመን ከባድ ውሳኔ የመጣው ከኒዋፎዑ ነው። ይህች ደሴት ወደብ የላትም። ደብዳቤ የሚያደርሱት ዋናተኞች ነበሩ፤ በቆርቆሮ ጣሳ አሽገው ባሕሩን እየቀዘፉ መርከብ ድረስ ይወስዱ ነበር። በሴፕቴምበር 1946 መሬቱ ተሰንጥቆ እሳት ፈሰሰ፤ ዋናው መንደር ከነመንግሥት ቤቶቹ ጠፋ። ሰው አልሞተም። የንግሥቲቱ መንግሥት ግን ከእንግዲህ እዚያ ማንም አይኑር ብሎ ወሰነና በዲሴምበር ከሺህ የሚበልጠውን ሕዝብ በመርከብ አወጣው። ብዙዎቹ መሄድ አልፈለጉም። አጥንት የተቀበረበት፣ እትብት የተቀበረበት ቦታ ነበረ። በመጀመሪያ ቶንጋታፑ፣ ኋላም ኤዋ በምትባል ደሴት መሬት ተሰጣቸው። እዚያም አዲሶቹን መንደሮቻቸውን በጥንቶቹ ስም ጠሯቸው። አንዳንዱ ግን ልቡ አላረፈም፤ እንመለስ ብሎ ጠየቀ፣ ጠየቀ፣ በመጨረሻ በ1958 ተፈቀደ። የሄዱት ሄዱ፣ ኤዋ ላይ የቀሩትም ቀሩ። መንግሥት ሕይወት ለማዳን ብሎ ያደረገው ነው፤ ያም ሆኖ ከቀዬው የተነሣው ሰው ኀዘን በዚህ አይሰረዝም። ሁለቱም እውነት ነው።

ዓለም ሳሎቴን ያወቀው በአንድ ዝናባማ ቀን ነው። ጁን 2 ቀን 1953 የእንግሊዟ ኤልሳቤጥ ዘውድ ስትጭን የቶንጋዋ ንግሥት ለንደን ነበሩ። ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ90 ይበልጣል፣ ግርማቸውም የዚያኑ ያህል ነበር። ሰልፉ ሲወጣ ዝናቡ ወረደ። ሌሎቹ እንግዶች የሠረገላቸውን ክዳን አዘጉ። እሳቸው ክፍት ይሁን አሉ፤ እየበሰበሱ፣ እየሳቁ፣ ለሕዝቡ እጃቸውን እያወዛወዙ አለፉ። በቶንጋ ልማድ ለሚያከብሩት ሰው ራስን ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ ባለ በዓሉ እንደሚጠለለው እኩል መጠለል ነውር ነው። አብረዋቸው የተቀመጡት የማሌዥያው የኬላንታን ሱልጣን ይህ ልማድ አልነበራቸውም፤ እሳቸውም አብረው ረጠቡ። በመንገድ ዳር ቆሞ የራሰው የለንደን ሕዝብ ያን ቀን ከኤልሳቤጥ ቀጥሎ የወደደው ሳሎቴን ነው።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ኤልሳቤጥ ከባለቤትዋ ጋር ቶንጋ መጣች። ግብሩ መሬት ላይ ተነጥፎ ተበላ። ካፒቴን ኩክ በ1777 ሰጥቶ ሄደ ተብሎ የሚነገርለት ሽማግሌ ኤሊ ታየ። ጧት እንግዶቹን የቀሰቀሷቸው በአፍንጫ ዋሽንት የሚነፉ ሰዎች ነበሩ። ያረፉበት ቤተ መንግሥት ነጭ የእንጨት ቤት ነው፤ ከብዙ ባለጠጋ ቤት ያንሳል። በ1953 ንግሥቲቱ የሠሩት ሌላ ነገር ግን በፎቶግራፍ አልወጣም፤ የቶንጋ ሴቶች ማኅበር የተመሠረተው ያኔ ነው። ሴቶቹ ምንጣፍ እየጎነጎኑ፣ ከዛፍ ልጥ ጨርቅ እየቀጠቀጡ፣ ቤታቸውን እያሻሻሉ የራሳቸውን ገንዘብ እንዲያገኙ ማኅበሩ ረዳቸው። በቶንጋ እህት በክብር ከወንድሟ ትበልጣለች። ክብሩ ግን እንጀራ አይሆንም ነበር።

በ1958 ከእንግሊዝ ጋር አዲስ ውል ተፈረመና ቶንጋ ብዙውን ሥልጣኗን አስመለሰች። ንግሥቲቱ በዚያን ጊዜ ብዙውን ሥራ ከ1949 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ለነበረው ለታላቁ ልጃቸው ለቀውለት ነበር። ካንሰር ያዛቸው። በልጅነታቸው ብቻቸውን ወደተላኩባት ወደ ኦክላንድ ለሕክምና ሄዱ፣ እዚያም ዲሴምበር 16 ቀን 1965 በ65 ዓመታቸው አረፉ። አርባ ሰባት ዓመት ነግሠዋል፤ በቶንጋ ያን ጊዜ ሌላ ንጉሥ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመለሰ። ሕዝቡ ጥቁር ለብሶ፣ የኀዘን ምንጣፍ በወገቡ ታጥቆ፣ በነገሥታቱ መቃብር ቀበራቸው። ልጃቸው ቱፖው ራብዓይ ተብሎ ነገሠ። ጁን 4 ቀን 1970 ቶንጋ የውጭ ጉዳይዋንም ከእንግሊዝ ተረከበች። ያም ቱፖው ቀዳማዊ ከ108 ዓመት በፊት ሕዝባቸውን ነፃ ያወጡበት ቀን ነው።