ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ፤ አፈርን በስላይድ ላይ ያዩ ሐኪም

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ በገበያ ቀን የተከተለ መንገደኛ፣ ጤፉንና ከብቱን ሲመለከት ቆይቶ ከግርግሩ ራቅ ብለው የሚቀመጡ ጥቂት ሰዎችን ልብ ሳይል አያልፍም። እግራቸው ከጉልበት በታች አብጧል፤ ቆዳው ሻክሮ ተሰነጣጥቋል፤ ነጠላቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ዝቅ አድርገው ሕመማቸውን ከሰው ዐይን ለመሸሸግ ይጥራሉ። ሕዝቡ በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው መጥፎ ነገር የመርገጥ ውጤት ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ በዘር የሚወርድ ዕዳ ነው ብሎ ከዚያ ቤት ልጅ ማጋባት ይፈራል።

ለዚህ ጥያቄ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ለመስጠት ረጅም ዘመን ከደከሙት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በግንባር ቀደምትነት ይታወሳሉ። መልሱ የተገኘው ከታማሚው አካል ተቆርጦ፣ በሰም ተይዞ፣ ከፀጉር በሳሳ ውፍረት ከተከተፈ ኅብረ ሕዋስ ነው። ስለዚህ የእኒህ ሰው ሕይወት የሐኪሞች ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ናሙና በማዘጋጀት ሥራ ላይ የተሠማራን የእኛም ታሪክ ነው።

ዶክተር ፕራይስ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት ከሰው እግር ጋር ተዋውቀው ነበር። በናይጄሪያ በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ሳሉ፣ ስሜቱን ያጣ እግር ከሥሩ እንዴት እንደሚቆስልና ቁስሉ እየሰፋ እንዴት አካል እንደሚያጎድል መርምረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በሙያ መጽሔት አሳትመዋል። ከዚህ ሥራ የቀሰሙት ትምህርት በኋላ በኢትዮጵያ ጠቅሟቸዋል። ይኸውም የባዶ እግረኛን ሕመም ለመረዳት እግሩን ብቻ ሳይሆን የሚረግጠውን መሬትም መመርመር እንደሚያስፈልግ ነው።

በዚያን ጊዜ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ዘንድ ዝሆኔ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ፊላሪያ የተባለው ክር መሰል ትል ነበር። ትሉ በትንኝ ይተላለፋል፤ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይዘጋል፤ እግርም ያብጣል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ደጋ ለዚህ ማብራሪያ አልመች አለ። ደጋው ቀዝቃዛ ነው፤ የታማሚዎቹ ደም ሲመረመርም ትሉ አይገኝም። ኦመን የተባሉ ሐኪም ደግሞ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች በሚገኙ ገበያዎች ከ200,000 በላይ ሰዎችን አስቆጥረው፣ በሽታው በደጋው ምን ያህል እንደተስፋፋ እ.ኤ.አ. በ1969 አስታወቁ። ስለዚህ ጥያቄው ጎልቶ ወጣ። ትል ካልሆነ፣ የሊምፉን መንገድ የዘጋው ምንድን ነው?

ዶክተር ፕራይስ መልሱን የፈለጉት ከእግር የሚመጣው ሊምፍ ተጣርቶ በሚያልፍባቸው በጭን ሥር ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ነው። አካሄዱ ቀላል በሆነ ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር። እግርን የሚያሳምም ነገር ከውጭ ገብቶ ከሆነ፣ ማጣሪያው ላይ ዱካውን መተው አለበት። እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ በሽታው ፓቶሎጂና በዕጢዎቹ ውስጥ ስለሚገኘው ማዕድን ያሳተሟቸው ጽሑፎች የዚህ ሐሳብ የመጀመሪያ ፍሬዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ሥራ ክፍላችን ጎራ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ዕጢ ከአካል ከተለየ በኋላ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ውሃው ኃይሉ ደረጃ በደረጃ በሚጨምር አልኮል ይወጣል፤ አልኮሉም በዛይሊን ይተካል፤ በመጨረሻ የቀለጠ ፓራፊን ሰም ዘልቆት ይረጋል። በማይክሮቶም ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር በሚሆን ውፍረት ተከትፎ፣ ስላይድ ላይ ተዘርግቶ ከቀለመ በኋላ ነው ለማይክሮስኮፕ የሚበቃው። ይህ ሁሉ በእጅ ሲሠራ ባለሙያው ሰዓት እየቆጠረ ናሙናውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ያዛውር ነበር፤ የደከመው ሰው ትንሽ ቢያሸልበው ናሙናው ይደርቃል ወይም ውሃው ሳይወጣ ይቀራል። ከ1940ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ጀምሮ እንደ አውቶቴክኒኮን ያሉ መሣሪያዎች ይህን ሸክም አቃለሉ። ብርጭቆዎቹ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ፤ ናሙናውን የያዘው ቅርጫት በሰዓት እየታዘዘ ከአንዱ ወጥቶ በሌላው ይነከራል፤ ማታ የተሰጠው ሥራ ጠዋት ተጠናቆ ይገኛል። በኋላ የመጡት ዝግ መሣሪያዎች ደግሞ ናሙናውን በአንድ ቦታ አስቀምጠው ፈሳሹን ወደ እሱ በማምጣት፣ ባለሙያውን ከአልኮልና ከዛይሊን ትነት ጠብቀውታል።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም እንቅልፍ ማትረፉ ሳይሆን እኩልነቱ ነው። የታማሚውን ዕጢ ከጤነኛው ዕጢ ጋር ለማነጻጸር የሚፈልግ መርማሪ፣ ሁለቱም በአንድ ፈሳሽ፣ ለአንድ ያህል ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ማለፋቸውን ማረጋገጥ አለበት። አለዚያ የታየው ልዩነት የበሽታው ይሁን የአዘገጃጀቱ አይታወቅም። በሌላ በኩል ብዙ ናሙና የሚነከርበት ፈሳሽ ካልተጣራና በጊዜው ካልተለወጠ፣ ከአንዱ የወደቀው ቁራጭ ከሌላው ጋር ይጣበቃል። መሣሪያው የሰጡትን ይሠራል፤ ንጹሕ የሰጡትን በንጽሕና፣ ያደፈ የሰጡትንም ከነእድፉ ያወጣዋል።

በዶክተር ፕራይስ ሥራ ይህ ጉዳይ የሕይወት ወይም የሞት ያህል ከባድ ነበር። በዕጢዎቹ ውስጥ የታየው ደቃቅ ብናኝ ነውና። የማናችንም የመጀመሪያ ሐሳብ ስላይዱ ቆሽሿል፣ ይጣል የሚል በሆነ ነበር። ይህ ሐሳብ ያለ ምክንያት አይደለም። አቧራ ከቢላው፣ ከውሃው ወይም ከክፍሉ አየር ሊመጣ ይችላል። አሲድነት ያለው ፎርማሊን እንኳ ደም ባለበት ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ቡናማ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ ይህም ዝቃጭ በፖላራይዝድ ብርሃን ሲታይ እንደ ማዕድን ያበራል። ታዲያ እውነተኛውን ከአሳሳቹ የሚለየው ምንድን ነው? አንደኛው ምልክት ቦታው ነው። ከውጭ የወደቀ አቧራ በኅብረ ሕዋሱ ላይ እንደ ዕድሉ ይበተናል፤ የአካሉ ድርሻ የሆነው ግን ባዕድ ነገርን በሚውጡት ማክሮፋጅ በተባሉ ሕዋሳት ውስጥ ተውጦ ይገኛል። የዶክተር ፕራይስ ብናኝ የተገኘው በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ ነበር።

ሁለተኛው ምልክት የብናኙ ምንነት ነው። ለዚህ በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት አይበቃም። ዶክተር ፕራይስ በኅብረ ሕዋስ ውስጥ የተደበቀ ብናኝን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በመፈለግ ልምድ ከነበራቸው ከሄንደርሰን ጋር ተባብረው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 በኢትዮጵያ ባዶ እግረኞች የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መርምረው አሳተሙ። የተገኙት በዋናነት ሲሊኮንና አሉሚኒየም ነበሩ፤ እነዚህ ደግሞ የሸክላ አፈር ዋና ክፍሎች ናቸው። ታማሚው የረገጠው መሬት በቆዳው በኩል አልፎ ጭኑ ሥር ደርሶ ነበር።

የአንድ መርማሪ ሐቀኝነት የሚፈተነው ግን ውጤቱ ሐሳቡን ሲያስቸግር ነው። ብናኙ እግራቸው ባላበጠ ባዶ እግረኞች ዕጢ ውስጥም ተገኘ። ይህን መሸፋፈን ቀላል በሆነ ነበር። ዶክተር ፕራይስ ግን ግኝቱን ከነችግሩ ለሙያ ባልደረቦቻቸው አቀረቡ። አፈሩ ለሁሉም ይገባል፤ የሚያሳብጠው ግን የአንዳንዱን ብቻ ነው። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመው በትውልድ የሚተላለፍ ተጋላጭነት ስላለ ሊሆን እንደሚችል ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ጽፈው ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በሽታውን ከሰውነት መከላከያ ጋር ከተያያዙ ዘረመሎች ጋር አገናኝቶ ይህን ግምት አጠናከረው። ስለዚህ ሕዝቡ በዘር ይወርዳል ሲል ፈጽሞ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ያንን ቤት በማግለሉ ነው፤ የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ ሕመሙ አይደለምና፣ እግሩ ከአፈር የተጠበቀ ልጅ አይታመምም።

ዶክተር ፕራይስ ከማይክሮስኮፑ ወደ መሬቱም ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1976 ባወጧቸው ጽሑፎች በሽታው የሚበዛበትን ስፍራ ከአፈሩና ከአየር ጠባዩ ጋር አነጻጽረው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር፣ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ከፍታና በቂ ዝናብ በሚገናኙበት ቦታ እንደሚበረታ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ከፋይፍ ጋር ባሳተሙት የሙከራ ጥናት ሲሊካ በሊምፍ ዕጢና ቧንቧ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በሽታው ከመሬት የሚመጣ መሆኑ መረጋገጡን ገልጸው አዲስ ስም ሰጡት፤ ፖዶኮኒዮሲስ። ስሙ እግርና አቧራ ከሚል የግሪክ ቃላት የተውጣጣ ሲሆን፣ የማዕድን ሠራተኞችን ሳንባ ከሚያጠቃው የአቧራ በሽታ ጋር ዝምድናውን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1990 የሥራ ዘመናቸውን ፍሬ በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አቀረቡ። ካለፉም ረጅም ጊዜ ሆኗል።

ያቆዩት ሥራ ግን አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በጎጃም በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች ከመቶ 3.3 የሚሆኑት በዚህ በሽታ መያዛቸውን አመለከተ። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ የታማሚዎቹ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚጠጋ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ግምት ያሳያል። ብቸናና ሞጣ የሚገኙት በዚሁ የጎጃም ደጋ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለውና ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረው የጮቄ ተራራ ምሥራቃዊ ዙሪያ ነው። መከላከያው ጫማ ነው፤ ሕክምናው እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው። ይህን ለማለት ያስቻለው የእነዚያ ስስ ክትፎች ምስክርነት ነው።

ከእኒህ ሰው ሕይወት ለእኛ የሚቀረው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ በሌለበት ከተማ የተቆረጠ ናሙና፣ በብልቃጥ ተይዞ ምናልባትም ዓባይን ተሻግሮ፣ ብዙ ቀን ቆይቶ ከመሣሪያችን ይደርሳል። ፎርማሊኑ አሲድነቱ ያልተስተካከለ፣ መጠኑም ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ያልሆነ እንደሆነ፣ ጉዳቱን የትኛውም አዲስ መሣሪያ አይመልሰውም። የታማሚው ሥራ፣ መኖሪያውና ጫማ ማድረግ አለማድረጉ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈም፣ ስላይዱን የሚያየው ሐኪም ብናኙን ቢያገኝ እንኳ ትርጉሙን ሊያጣው ይችላል። መሣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ቅርጫቱን ያመላልሳል፤ ጠዋት ክዳኑን ከፍቶ ይህ እድፍ ነው ወይስ የአንድ ገበሬ የዕድሜ ልክ መንገድ ብሎ የሚጠይቀው ግን ባለሙያው ነው።