በእሳት አፋፍ ላይ ቤቱን የሠራው ሊቅ፤ የቶማስ ጃጋር የሕይወት ታሪክ

ወንዝ ቢሞላ ሰው ድልድይ ይሠራለታል፤ ዝናም ቢጠፋ ጉድጓድ ይቈፍራል። ተራራ ተሰንጥቆ እሳት መትፋት የጀመረ እንደ ሆነ ግን ከመሸሽ በቀር ሌላ ብልሃት የለውም። ለመሸሽ ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እሳተ ገሞራ አንድ ጊዜ ፈንድቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ዐርፎ ይነሣል፤ ተነሥቶም ያርፋል። በዕረፍቱ ዘመን ሰዎች በግርጌው ያርሳሉ፤ ከተማ ይቈረቍራሉ፤ ልጆች ያሳድጋሉ፤ ያለፈውንም ይረሱታል። እንግዲህ የሚመለስበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን? ዛሬ ታሪኩን የምናቀርበው አሜሪካዊ ሊቅ ቶማስ ጃጋር ዕድሜውን የፈጀው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጃጋር በ1871 ዓ.ም. በጥር ወር በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ተወለደ። አባቱ የኤጲስቆጶስ ማዕርግ ያላቸው የቤተ ክርስቲያን አባት ነበሩ። ልጁ ግን ልቡ ወደ ድንጋይና ወደ ተራራ አዘነበለና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድርን ትምህርት ተምሮ በ1897 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ከዚያም በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በላቦራቶሪ ውስጥ በውሃና በአሸዋ ትንንሽ ወንዞችንና ፍል ውሃዎችን እየሠራ ተፈጥሮ በትልቁ የምትሠራውን በትንሹ መመርመር ይወድ ነበር። ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ኖሮ በመጻሕፍት መካከል በሰላም የሚያረጅ አንድ ደኅና ፕሮፌሰር ሆኖ በቀረ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. የሆነው ነገር ግን ሕይወቱን ለወጠው። የፈረንሳይ ግዛት በሆነችው በማርቲኒክ ደሴት ፔሌ የተባለ ተራራ አለ፤ በግርጌውም በባሕር ዳር ሳን ፒየር የተባለች ያማረች የንግድ ከተማ ነበረች። ተራራው አንዳች ምልክት ሳያሳይ በድንገት የፈነዳ አልነበረም። ለብዙ ቀናት ዐመድ በከተማዋ ላይ ዘነመ፤ የድኝ ሽታ ሰውን አስጨነቀ፤ ግንቦት 5 ቀን ከተራራው የወረደ ትኩስ የጭቃ ጎርፍ አንድ የስኳር ፋብሪካ ከነሠራተኞቹ ቀበረ። መንግሥት ነገሩን እንዲመረምሩ የመረጣቸው ሰዎች ግን ከተማዋን የሚያሰጋት ነገር የለም አሉ። ሕዝቡን ለማረጋጋት የደሴቲቱ ገዢ ራሱ ከባለቤቱ ጋራ ወደ ሳን ፒየር መጣ። ግንቦት 8 ቀን ጧት ከተራራው የተነሣው የጋለ ጋዝና ዐመድ በደቂቃዎች ውስጥ ከተማዋን ጠራርጎ አጠፋት። ገዢውም፥ 28,000 ያህል ሕዝብም አለቁ። በከተማዋ ውስጥ ከተረፉት እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ወፍራም ግንብ ባለው ክፍል ውስጥ ታስሮ የነበረ እስረኛ ነው። ነጻ የነበረው ሞቶ እስረኛው ዳነ።

ጃጋር እርዳታ ከጫነው መርከብ ጋራ ተጕዞ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ያየውም የሚያጨስ ፍርስራሽና ያልተቀበረ ሬሳ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ እሳተ ገሞራን የሚያውቀው ከቀዘቀዘ በኋላ በድንጋዩ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ የሚፈጅ ኀይል ከእግራችን በታች እያለ የሥነ ምድር ሊቃውንት አሠራሩን አለማወቃቸው አሳፈረው። የቀረውንም ዕድሜውን ለዚህ ነገር ሊሰጥ ወሰነ።

በሚቀጥሉት ዓመታት መቅሠፍት ወደ ወረደበት አገር ሁሉ ሄደ። በ1906 ዓ.ም. ቬሱቪየስ በፈነዳ ጊዜ ወደ ኢጣልያ፥ በ1907 ዓ.ም. በአላስካ አጠገብ ወዳሉት የአሉሽያን ደሴቶች ተጓዘ። በ1908 ዓ.ም. ደግሞ በኢጣልያ የመሢና ከተማ በምድር መናወጥና በባሕር ማዕበል ተመትታ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ማለቁ ተሰማ። ጃጋር በዚህ ሁሉ የተገነዘበው አንድ ነገር ነው። ሊቃውንቱ ሁልጊዜ የሚደርሱት ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ ነገሩም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። ሐኪም በሽተኛውን ከሞተ በኋላ ብቻ የሚያየው ከሆነ በሽታውን እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ስለዚህ ከሕያው እሳተ ገሞራ አጠገብ ቤት ሠርቶ፥ በጸጥታውም በቍጣውም ጊዜ፥ ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል አለ። ኢጣልያኖች በቬሱቪየስ ላይ እንዲህ ያለ የመመልከቻ ጣቢያ ካቋቋሙ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር። በጃፓንም ኦሞሪ የተባለው ታላቅ ሊቅ የምድርን መናወጥ በመሣሪያ እየመዘገበ ያጠና ነበር። ጃጋር በ1909 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄዶ የኦሞሪን ሥራ ተመለከተ።

ጣቢያውን ለመትከል የመረጠው ቦታ የሃዋይ ደሴቶችን ነው። በትልቁ የሃዋይ ደሴት ላይ 4,169 ሜትር ከፍታ ያለው ማውና ሎዋና በጎኑ የሚገኘው ኪላዌያ የተባሉ ሁለት እሳተ ገሞራዎች አሉ። ሁለቱም በየጊዜው ይነሣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደ ፔሌ በድንገት ፈንድተው የሚፈጁ ሳይሆኑ ላቫ የተባለውን ቅልጥ ድንጋይ እንደ ወንዝ የሚያፈሱ ናቸው። ስለዚህ ሰው ቀርቦ ሊመረምራቸው ይችላል። በኪላዌያ ዐናት ላይ ሃሌማኡማኡ በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ በአፋራችን በኤርታ ሌ ለብዙ ዘመን እንደ ታየው ያለ የእሳት ሐይቅ ይፈላ ነበር። ጃጋር በሆኖሉሉ ነጋዴዎችና ባለጠጎች ፊት ንግግር አድርጎ አሳባቸውን ስለ ሳበው፥ ሎሪን ተርስተን የተባለው የጋዜጣ ባለቤት ሰዎችን አስተባብሮ ገንዘብ አሰባሰበለት። በ1911 ዓ.ም. የላካቸው ሁለት ባልደረቦቹ በእሳቱ ሐይቅ ላይ ገመድ ዘርግተው ሙቀቱን ቢለኩት 1,000 ሴንቲግሬድ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ1912 ዓ.ም. መጀመሪያ ጃጋር ራሱ በሀብታሟ በቦስተን ከተማ የነበረውን የፕሮፌሰርነት ኑሮ ትቶ መጣና በኪላዌያ አፋፍ ላይ የሃዋይን የእሳተ ገሞራ መመልከቻ ጣቢያ መሠረተ።

ሥራው የተጀመረው በአካፋና በዶማ ነበር። እስረኞች ከቤቱ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ቈፈሩ፤ በዚያም ውስጥ ሲስሞግራፍ የተባሉት የምድርን መንቀጥቀጥ የሚመዘግቡ መሣሪያዎች ተተከሉ። መሣሪያው በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ በቀጭን መርፌ እየጫረ፥ ሰው የማይሰማውን እንቅስቃሴ ሁሉ ይጽፋል። ጃጋርና ረዳቶቹ ይህን ከቀን ወደ ቀን ሲመለከቱ ሌላም ነገር አስተዋሉ። ቅልጡ ድንጋይ ከጥልቅ ተነሥቶ ወደ ተራራው ሆድ በሚገባበት ጊዜ ተራራው እንደ ወናፍ ይነፋል፤ ምድሩም ወደ ውጭ ያዘነብላል። ድንጋዩ መንገድ ለመክፈት ሲሰነጠቅ ትንንሽ መንቀጥቀጦች ይበዛሉ። እሳቱ ፈስሶ ሲያልቅ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሲሸሽ ተራራው ተመልሶ ይረግባል። የዛሬዎቹ ጠባቂዎች መሣሪያቸው እጅግ ቢሻሻልም፥ ከሰማይ በሳተላይት ቢመለከቱም፥ ዋነኞቹ የሚከታተሏቸው ምልክቶች እነዚሁ ናቸው።

ኑሮው ግን ቀላል አልነበረም። ገንዘብ በየጊዜው ያልቅበት ነበር፤ ጣቢያውም ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተላለፈ። በ1919 ዓ.ም. በአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት፥ በ1924 ዓ.ም. በሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት፥ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት ሥር ሆነ። በ1917 ዓ.ም. ያገባት ባለቤቱ ኢዛቤል በዚያ ጭስና ጭጋግ በሚፈራረቅበት አፋፍ ላይ አብራው ትኖር፥ በሥራውም ትረዳው ነበር።

ጃጋር ማስጠንቀቂያ ያለ ሰሚ ምን ያህል ከንቱ እንደ ሆነ የተማረው ግን ከእሳት ሳይሆን ከባሕር ነው። የካቲት 3 ቀን 1923 ዓ.ም. መሣሪያው በሩቁ በካምቻትካ በኩል ታላቅ የምድር መናወጥ መድረሱን ጻፈ። የመናወጡ ሞገድ በምድር ውስጥ አልፎ ሃዋይ ለመድረስ ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ሱናሚ የሚባለው የባሕር ማዕበል ግን ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል። ጃጋር ይህን አስቦ በሂሎ ከተማ ላለው የወደብ ሹም ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ቃሉን ከቁም ነገር የቈጠረው አልነበረም። ማዕበሉ መጣ፤ ጀልባዎች ተሰባበሩ፤ የሰውም ሕይወት ጠፋ። ዐሥር ዓመት አለፈና መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. በጃፓን ጠረፍ ታላቅ መናወጥ በደረሰ ጊዜ ጣቢያው እንደ ገና አስጠነቀቀ። በዚህ ጊዜ ግን ሰሙት። ዕቃው ከወደብ ተነሣ፤ ጀልባዎቹም ወደ ጥልቁ ባሕር ወጡ፤ ማዕበሉ ሲደርስ በሃዋይ አንድም ሰው አልሞተም። መሣሪያውም ሊቁም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የሹሞቹ ጆሮ ነው።

ይህ ማለት ግን ጃጋር ሁሉን ያውቅ ነበር ማለት አይደለም። በ1924 ዓ.ም. በየካቲት የሃሌማኡማኡ የእሳት ሐይቅ ደረቀ። ብዙ ሰው እሳቱ ጠፋ ብሎ ሳይሰጋ ቀረ። በግንቦት ግን ገር ነው ይባል የነበረው ኪላዌያ ከሁለት ሳምንት በላይ እየደጋገመ ፈነዳ፤ ትልልቅ ድንጋዮችን ወደ ሰማይ ወረወረ፤ ወደ ጉድጓዱ ተጠግቶ የነበረ አንድ ሰውም ተመትቶ ሞተ። የእሳት መጥፋት ራሱ የአደጋ ምልክት ሊሆን እንደሚችል በዚህ ታወቀ።

ከትንበያዎቹ ሁሉ ስሙን ያስጠራው የማውና ሎዋ ነው። ጃጋር የቀደሙትን መዛግብት ሲመረምር ተራራው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ በዐናቱ ላይ እንደሚፈነዳ፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጎኑ ተቀዶ ላቫ ወደ ሰው መኖሪያ እንደሚወርድ አስተዋለ። በ1881 ዓ.ም. የወረደው ላቫ ሂሎ ከተማ ዳር ድረስ ደርሶ ነበር። በ1933 ዓ.ም. መጨረሻ ተራራው በዐናቱ ላይ በፈነዳ ጊዜ፥ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ገና ተነሥቶ ሂሎን የሚያሰጋ ላቫ ይመጣል ብሎ ለሕዝብ አስታወቀ። ኅዳር 21 ቀን 1935 ዓ.ም. የተናገረው ደረሰ። ላቫው ከተማዋ ውሃ ወደምትቀዳበት ወንዝ ራስ በቀን 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይገሠግሥ ጀመር። ጃጋር ከጦሩ ጋራ ተማክሮ ታኅሣሥ 27 ቀን አውሮፕላኖች በላቫው መውረጃ ላይ ቦምብ እንዲጥሉ አስደረገ። ከስድስት ቀን በኋላ ላቫው ቆመ። ጃጋር ቦምቡ እንደ ረዳ አምኗል፤ ሌሎች ሊቃውንት ግን እሳቱ በራሱ ጊዜ መቆሙ ነው ብለው ተከራከሩት፤ ዛሬም አብዛኞቹ የሚይዙት ይህንኑ ነው። ከሁለቱ ይልቅ ክርክር ያልተነሣበት የትንበያው መፈጸም ነው።

ጃጋር በ1940 ዓ.ም. ሥራውን ለተተኪው አስረክቦ ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት ማውና ሎዋ በዐናቱ፥ በ1942 ዓ.ም. ደግሞ በጎኑ ፈነዳ። ሚያዝያ 1 ቀን 1946 ዓ.ም. ከአሉሽያን ደሴቶች በኩል የተነሣ ማዕበል ማንም ሳያስጠነቅቅ በሃዋይ ደርሶ ከ150 በላይ ሰዎችን ፈጀ። ጃጋር ከ23 ዓመት በፊት በአንድ መሣሪያ ሊሠራው የሞከረውን ሥራ በቋሚነት የሚሠራ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚህ በኋላ በ1949 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ድስት ጥዶ እንደ ማልቀስ ነበር፤ ሆኖም ለሚመጣው ትውልድ ጠቀመ። ጃጋር ጥር 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በ81 ዓመት ዕድሜው በሆኖሉሉ ዐረፈ።

ማውና ሎዋ ግን አላረፈም። በ1949 ዓ.ም. በዐናቱ፥ በ1950 ዓ.ም. በጎኑ ፈነዳ፤ በ1950ው ጊዜ ላቫ በሰዓታት ውስጥ ባሕር ደርሶ ቤቶችን ቢያቃጥልም የሞተ ሰው አልነበረም። በ1975 ዓ.ም. በዐናቱ ከፈነዳ በኋላ ግን ጎኑ እስኪቀደድ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ቈየ። ከ1984 ዓ.ም. በኋላም 38 ዓመት ዝም አለና በኅዳር 2022 ዓ.ም. በዐናቱ ጀምሮ በማግሥቱ በጎኑ ወረደ። እንግዲህ ተራራው ልማድ አለው፤ ቀጠሮ ግን የለውም። ያለፈው ታሪክ ነቅቶ መጠበቅ እንደሚገባ ይነግራል እንጂ ቀኑን ቈርጦ አይሰጥም። ቀኑን የሚያቀርበው በየዕለቱ የሚታየው የምድር መንቀጥቀጥና የተራራው መነፋት ነው። በ2022 ዓ.ም. ጠባቂዎቹ ይህን አይተው ከብዙ ሳምንታት በፊት ለሕዝቡ ስላስታወቁ በየአካባቢው ምክር ተደርጎ ነበር፤ አንድም ሰው አልሞተም።

ዛሬ በትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶችም ሆናችሁ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ፥ የጃጋር ታሪክ ለሁላችሁም ድርሻ አለው። የሊቁ ድርሻ ምንም በማይታይበት ቀን እንኳ ሳይሰለቹ መመልከትና መጻፍ ነው። የሹሙ ድርሻ ደግሞ የተጻፈውን አንብቦ፥ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ፥ ሕዝቡን በጊዜ ማንቀሳቀስ ነው። በሳን ፒየር የመጀመሪያው ጐደለ፤ በ1923ቱ በሂሎ ሁለተኛው ጐደለ፤ ሁለቱ በተገናኙበት በ1933 ዓ.ም. ግን ማዕበሉ መጥቶ ባዶ ወደብ አገኘ።