ዐፄ ቴዎድሮስና የብረት ክብደት

በቋራ የተወለዱት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ እርሳቸውም ከሠራዊቱ ጋር መንገድ እየጠረጉ፣ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ያደረጉት ጉዞ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ።

ያ ሁሉ ድካም ለማጥቂያው ነበር፤ የወታደሩ መከላከያ ያው የቁርበት ጋሻ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዞች ስናይደር ጠመንጃ ሲተኮስ ጋሻው አላዳነም፤ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ወደቀ። ሳይከብድ የሚያድን ትጥቅ ዛሬም የመሐንዲሶች ጥያቄ ነው፤ ለዚሁ የሚጠናው አረፋማ ብረት በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍተቶች እየተደረመሱ የምቱን ኃይል ይውጣሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል አሁንም እዚያው ተራራ ላይ ነው።