ካኔሺጌ ቶዮ፦ ሊጠፋ የተቃረበውን የአባቶች ሙያ ያነሡ ሸክላ ሠሪ

በጃፓን ስማቸው ከሸክላ ሥራ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ካኔሺጌ ቶዮ እ.ኤ.አ. በ1896 በኦካያማ ግዛት ኢምቤ በተባለች መንደር ተወለዱ። ቤተሰባቸው ቢዜን በመባል የሚታወቀውን የሸክላ ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፉ ከቆዩት ስድስት ቤተሰቦች አንዱ ሲሆን፣ ሙያውንም የተማሩት ከአባታቸው ነው።

የቢዜን ሸክላ ቅብ የለውም። በዚህ ረገድ በግሽ ዓባይ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ ከሚሠሩት እንስራና ጀበና ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ በአቃጠሉ ላይ ነው። የጎጃም ሸክላ ሠሪ እናቶች ዕቃውን ሜዳ ላይ በአንድ እሳት ሲያቃጥሉ፣ በኢምቤ ግን ከሩዝ ማሳ ሥር ተቆፍሮ በወጣ ጭቃ የተሠራው ዕቃ በትልቅ ምድጃ ውስጥ በጥድ እንጨት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይነድበታል፤ ሙቀቱም ወደ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የዕቃውን መልክ የሚሰጡት ዐመዱና ነበልባሉ በመሆናቸው ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዕቃዎች አይገኙም።

ካኔሺጌ በተወለዱበት ዘመን ሙያው ተዳክሞ ነበር። ከ1868ቱ የሜጂ ለውጥ በኋላ የመሣፍንቱ ድጋፍ በመቋረጡ ከምድጃዎቹ ገሚሶቹ ቧንቧና ጡብ ወደ ማምረት ዞሩ። እርሳቸውም በወጣትነታቸው የእንስሳትና የአእዋፍ ቅርጾችን በረቀቀ ጥበብ በመሥራት አድናቆትን አትርፈዋል። በዚያው ቢቀጥሉ የሚጎድልባቸው አልነበረም። ይሁንና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ፊታቸውን በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለሻይ ሥርዓት ይሠሩ ወደነበሩት ግርማ ሞገስ ያላቸው ዕቃዎች መለሱ። የጥንቱ አሠራር ተረስቶ ስለነበር የጭቃውን ዓይነትና የእሳቱን አያያዝ በሙከራ ደግመው መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

በ1952 አሜሪካዊው ቀራጺ ኢሳሙ ኖጉቺ ወደ ኢምቤ ዘልቆ በእርሳቸው ምድጃ ሠርቷል። በ1956 ደግሞ የጃፓን መንግሥት ሕያው ብሔራዊ ቅርስ በሚል በሚታወቀው ማዕረግ አከበራቸው። በአገራችን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ቢከለክሉም፣ በጎጃም ገጠር ሸክላ ሠሪን በቡዳነት ማማት ከዚያም በኋላ ረዥም ዘመን ቆይቷል።

ካኔሺጌ ቶዮ በ1967 በ71 ዓመታቸው አረፉ። ወንድማቸውና ልጆቻቸው ሙያውን ቀጠሉ። በእርሳቸው ምክር ታግዘው የሠሩት ፉጂዋራ ኬይም በ1970 ያንኑ ማዕረግ ተቀብለዋል።