ጥንዚዛ ያዳነችው ሊቅ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር መሪዎች ነው። እኔ ግን የምተርክላችሁ በድንጋይና በግንድ ሥር የሚርመሰመሱትን ጥቃቅን ፍጥረታት ለይቶ ስም ሲሰጥ ስለ ኖረው ፈረንሳዊ ሊቅ፣ ስለ ፒየር አንድሬ ላትሬይ ነው። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላትሬይ በ1762 ዓ.ም. ብሪቭ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ስመ ጥር የጦር መኰንን ቢሆንም ልጄ ብሎ ስላልተቀበለው በሌሎች ሰዎች ርዳታ አደገ። ወደ ፓሪስ ሄዶ ከተማረ በኋላ በ1786 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ። ካህን ሆኖም ነፍሳትን መመርመር አልተወም።

በ1789 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮት በተነሣ ጊዜ ግን ኑሮው ታወከ። አዲሱ መንግሥት ካህናት ሁሉ የታማኝነት መሐላ እንዲፈጽሙ አዘዘ። ላትሬይ ባለመማሉ በ1793 ዓ.ም. ተይዞ ቦርዶ ከተማ ታሰረ፤ የሞት ፍርድም ያሰጋው ነበር። ታሪኩን የጻፉ እንደሚሉት፣ የወህኒ ቤቱ ሐኪም እስረኞቹን ሊመረምር ቢገባ ላትሬይ በወለሉ ላይ የምትሄድ አንዲት ጥንዚዛ አተኵሮ ሲመለከት አገኘው። ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ ጥንዚዛዋ በቀላሉ የማትገኝ ዓይነት መሆኗን አስረዳው። ሐኪሙም ተደንቆ ጥንዚዛዋን ቦሪ ደ ሳን ቬንሳን ለሚባል የተፈጥሮ ጥናት ለሚወድ የ15 ዓመት ልጅ ላከለት። ልጁ የላትሬይን ሥራ ያውቅ ስለ ነበረ ብዙ ደክሞ እርሱንና አንድ የእስር ጓደኛውን አስፈታ። የቀሩት እስረኞች በአንድ ወር ውስጥ አለቁ።

እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደስታዬ ከኀዘን ጋር ተቀላቀለብኝ። የቀሩት ሰዎች የጠፉት ከላትሬይ ስላነሱ አይደለም፤ የሚያውቃቸውና የሚናገርላቸው ስላልተገኘ ነው። ስለዚህ ላትሬይ በተረፈለት ዕድሜ ምን ሠራ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በ1796 ዓ.ም. የነፍሳትን ወገኖች የሚገልጽ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። በ1798 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሥራ አገኘ። ከሥራው ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ስለ መቶ እግር ያደረገው ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ በ1758 ዓ.ም. መቶ እግርን ከሸረሪትና ከሸርጣን ጋር ክንፍ በሌላቸው ነፍሳት መካከል መድቦት ነበር። ላትሬይ ግን በ1802 ዓ.ም. መቶ እግርንና ሺህ እግርን ሚርያፖዳ ብሎ ለብቻ ለየ። በ1817 ዓ.ም. ደግሞ የመቶ እግርን ወገን ኪሎፖዳ ብሎ ሰየመ።

የስሙ መሠረት ከንፈርና እግር የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እግሮች ተለውጠው፣ ከአፍ ሥር ያሉ መርዝ ያላቸው መንጠቆዎች ሆነዋልና። መቶ እግር በየአንጓው አንድ ጥንድ እግር አለው፤ ሌሎች ተሐዋስያንን አድኖ ይበላል። ሺህ እግር ግን በአብዛኛው አንጓ ሁለት ጥንድ ሲኖረው ምግቡም ይበልጡን የበሰበሰ ቅጠል ነው። ያደገ መቶ እግር እንደ ዓይነቱ ከ15 እስከ 191 ጥንድ እግር አለው፤ የጥንዱም ቁጥር ጎዶሎ ነው። መቶ እግር እንዲሞላ 50 ጥንድ ያስፈልጋል፤ 50 ደግሞ ጎዶሎ አይደለም። ስለዚህ ስሙ መቶ እግር ይባል እንጂ ልክ መቶ አይሞላለትም! ዛሬ ከ3,000 የሚበልጡ ዓይነቶች ታውቀው በ5 ክፍሎች ተመድበዋል። የወገኑ ስም ግን አሁንም ላትሬይ ያወጣው ነው።

ላማርክ በ1829 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፣ ላትሬይ በ1830 ዓ.ም. በቤተ መዘክሩ የፕሮፌሰርነት ማዕርግ አገኘ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 67 ነበር። በ1833 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ዐረፈ። በመቃብሩ ሐውልት ላይ የዚያች ጥንዚዛ ስም ተቀርፆአል።

ጥንዚዛዋን በዚያ ወለል ላይ ሌሎችም ሳያዩዋት አልቀሩም ይመስለኛል። ማን እንደ ሆነች ለይቶ መናገር የቻለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።