አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ እንደ ሌላው ደጋና ወይና ደጋ አገር ሁሉ፣ እናቶች የእንዶድን ፍሬ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። ይህ የባላገር ሳሙና ቢልሃርዝያን ለመከላከል እንደሚረዳ ለዓለም ያስረዱት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በጅጅጋ ተወለዱ፤ በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በ1964 ዓድዋ ላይ የበሽታውን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎቹ በብዛት ሞተው አገኙ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመውም ምርምሩን ገፉበት። በዓድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው ሙከራ በበሽታው የተያዙት ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ቁጥር ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የኬሚስትሪ ነበር፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ከፍሬው ውስጥ የትኛው ነው? ጭማቂው በክሮማቶግራፊ እየተለየ፣ የተለየውም ክፍል በቀንድ አውጣ ላይ እየተፈተነ፣ ገዳዩ ሳፖኒን ነጥሮ ወጣ፤ በስማቸውም ለማቶክሲን ተባለ።

ፕሮቲንን በአዮን ልውውጥ ዓምድ የሚያጠራ ባለሙያ ሁሉ ንጽሕና ብቻውን ግብ እንዳልሆነ፣ የነገሩ ኃይልም አብሮ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል። እንዶድም ይህንኑ አስተማረ። ባልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ ሁለት የስኳር ሰንሰለት ስለሚይዝ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ ግን የራሱ ኤንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠውና ገዳይ ያደርገዋል። በሜታኖል የተጨመቀ እንደሆነ ኤንዛይሙ ሥራውን ስለማይሠራ፣ የሚወጣው በአብዛኛው ኃይል የሌለው ሳፖኒን ነው። ስለዚህ የእናቶች ሙቀጫና ውሃ፣ ውድ መሟሟያ የማይተካው የምርት ደረጃ ነበር።

ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ተቋማት በታወቀ ደረጃ የተካሄደ የመርዝነት ምርመራ ካልቀረበ አንቀበልም በማለታቸው ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። አክሊሉ ግን ሳይታክቱ፣ ምርመራውን በካናዳ ባልደረቦች እርዳታ አስፈጸሙ። ዓይነት 44 የተባለውን ብዙ ፍሬ ሰጪ እንዶድ ከመረጡት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ።

አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. አረፉ። ለሙያ ባልደረቦች የተዉት ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማንኛውም የማጥራት ሥራ ከመነደፉ በፊት፣ ሕዝቡ ያንኑ ነገር እንዴት ሲሠራበት እንደኖረ በጥንቃቄ ይመርመር።